ተማሪውን ስለ መምህሩ የምንጠይቀው ምን ብለን ነው?

መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲጨርስ ወደ ክፍሉ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይመልሳል። ብዙ ተማሪ ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው ድረስ ሲማር ስለሚሰጠው ትምህርት ጥራት የሚጠየቀው ይህችን ብቻ ነው። መልሷ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። «አልገባኝም» የሚል ልጅ በራሱ ላይ የሰነፍነት ምስክር እንደቆመ ይሰማዋል፤ ጓደኞቹም ከዕረፍታቸው ላይ ደቂቃ አስቀነስክብን ብለው ያጉረመርሙበታል።

ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ የፈተና ውጤት ይነሳል፣ የመጻሕፍት እጥረት ይነሳል፣ የመምህራን ደመወዝና የክፍል መጣበብ ይነሳል። ሁሉም መነሳት ያለበት ነው። ማስተማር የሚባለው ሥራ ራሱ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ በዓመት አንድ ሁለቴ ለክፍል ምልከታ ይገባል፤ ያን ዕለት ዕቅዱ በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ፣ ሥዕሉ ተሰቅሎ፣ እጅ የሚያወጡት ልጆች ሳይቀሩ ተመርጠው ይጠብቁታል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ የሚማር ልጅ ግን ያንኑ መምህር በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ያየዋል። ተዘጋጅቶ ሲመጣም ሳይዘጋጅ ሲመጣም፣ ሲያስረዳም ኖት አስገልብጦ ሰዓቱን ሲገፋም ያየዋል።

«ልጅ ምን ያውቃል?» የሚለው ተቃውሞ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ልጆች የመደመጥ መብት እንዳላቸው አከራካሪ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ ሕፃኑ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ትምህርት የማይመለከተው ከሆነ ሌላ ምን ሊመለከተው እንደሚችል እንጃ። የሚያከራክረው፣ የሚለው ነገር እምነት ይጣልበታል ወይ የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን በአሜሪካ 3,000 ገደማ ፈቃደኛ መምህራንን ያሳተፈ ጥናት አስጀመረ። የመምህራኑ ክፍል በቪዲዮ ተቀረጸ፣ የተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት ተመዘነ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸውም የሃርቫርዱ ሮናልድ ፈርጉሰን ያዘጋጀውን መጠይቅ ሞሉ። በአንድ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ስለ መምህራቸው የሰጡት መልስ፣ ያው መምህር በሚያስተምረው ሌላ ክፍል ያሉ ልጆች በትምህርታቸው ምን ያህል እንደሚሻሻሉ የሚጠቁም ሆኖ ተገኘ። እርስ በርስ ያልተማከሩ ልጆች ናቸው። ያዩት ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ከውጤት ጋር የተሳሰሩት የመጠይቁ ዐረፍተ ነገሮች ይዘት ነው፦ በክፍላችን ተማሪዎች መምህሩን ያከብራሉ። የክፍል ጓደኞቼ መምህሩ በሚፈልገው ሥርዓት ይሄዳሉ። ክፍላችን ሥራ ላይ ነው፣ ጊዜ አያባክንም። በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ብዙ እንማራለን። ስህተታችንን ማረም እንማራለን። ከነዚህ አንዱም «መምህሩን ትወደዋለህ?» አይልም። ልጁ ዳኛ ሆኖ ፍርድ እንዲሰጥ አልተጠራም፤ ያየውን እንዲናገር ነው የተጠራው። ሁለቱን ለይተን ባለማየታችን ነው ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸው።

ምክንያቱም ተማሪ ፍርድ ስጥ ሲባል ይሳሳታል፤ ትልቁም ትንሹም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ፣ ተማሪዎች ያለ ምርጫቸው ለመምህራን በሚደለደሉበትና ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና በሚወስዱበት ቦታ፣ የመጀመሪያውን የካልኩለስ (የከፍተኛ ሒሳብ) ትምህርት መርምሯል። ተማሪዎች ከፍ ያለ ነጥብ የሰጧቸው መምህራን ተማሪዎቻቸው በዚያው ኮርስ ጥሩ ሲያመጡ፣ በተከታዮቹ ኮርሶች ግን ወደ ኋላ የመቅረት ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሃርቫርድ ውስጥ በፊዚክስ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በራሳቸው እየሞከሩና እየተወያዩ የተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ብዙ እንደተማሩ የተሰማቸው ግን ተቀምጠው ጣፋጭ ገለጻ ያዳመጡት ነበሩ። መታገል አለማወቅ ይመስላል፣ ቅልጥፍና ደግሞ ዕውቀት ይመስላል።

በአንደበተ ርቱዕ መታለል የልጅነት ችግር ብቻ እንዳይመስለን እ.ኤ.አ. የ1970ውን የ«ዶክተር ፎክስ» ሙከራ ማስታወስ ይበቃል። አንድ ተዋናይ የዶክተር ማዕረግ ተለጥፎለት፣ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ የሚጋጭና ፍሬ የሌለው ንግግር በፈገግታና በቀልድ እያዋዛ አቀረበ። አድማጮቹ ጥሩ ነጥብ ሰጡት። አድማጮቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና፣ ይቅር ይበለንና፣ የትምህርት ሰዎች ነበሩ። ሌላም አለ፦ በኦንላይን ትምህርት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ተማሪዎች አስተማሪያቸው ወንድ እንደሆነ ሲነገራቸው ሴት እንደሆነች ከሚነገራቸው የበለጠ ነጥብ ሰጥተዋል፤ የታረመው ሥራ በእኩል ጊዜ ሲመለስላቸው እንኳ በፍጥነት መለሰልን ብለው ያመሰገኑት «ወንዱን» ነው።

ስለዚህ «መምህርህን ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚል መጠይቅ ባይበተን ይሻላል። የሚያተርፈው ቀልደኛውን፣ ነጥብ የሚያፈሰውንና «ወንዱን» ነው። ልጁ በዓይኑ ያየውን ብንጠይቀውስ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት የጻፍከው ሥራ ታርሞ ስህተትህ የቱ ላይ እንደሆነ ተነግሮሃል? ሳይገባህ ሲቀር መምህሩ በሌላ መንገድ ያስረዳል ወይስ ያንኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል? ከፊት ከተቀመጡት ውጭ ያሉት ይጠየቃሉ? ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ ዘግይቶ ይጀመራል? አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እነዚህን ይመልሳል። አንዱ ሊዋሽ፣ ሌላው ቂም ሊወጣ ይችላል፤ አርባ ልጆች ግን አንድ ላይ ተመሳሳይ ውሸት አይዋሹም።

ተማሪዎችን በወጉ ያነጋገረ ሰው ደግሞ ይህን ያስተውላል፦ ቅሬታቸው መምህሩ ቁጡ ነው ከሚለው ይልቅ ሥራችን አይታረምም፣ ምዕራፍ ተዘሎብናል፣ ሳይገባን ይታለፋል የሚል ነው። ጥብቅ መምህር ሥራውን ካወቀበት ይከበራል። ልጆች ቀላል ነገር ብቻ ይፈልጋሉ የሚለው ግምት ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቁ የሚገምቱ ሰዎች ግምት ነው።

የመምህራኑን ስጋት ግን አቅልዬ አላየውም። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት እያካፈለ የሚያስተምር ሰው «ሥራችን አይታረምም» የሚል ወረቀት ሲደርሰው ጥፋቱ የማን ነው? የሁሉንም ደብተር ለማረም ሌሊቱ አይበቃውም። የተማሪ መልስ ለደረጃ ዕድገትና ለቅጣት መዋል በጀመረ ማግስት ሁለት ነገር ይከተላል፦ መምህሩ ነጥብ ማደል ይጀምራል፣ ተማሪው ደግሞ ዱላ እንደጨበጠ ያውቃል። ያን ጊዜ መልሱ ከ«አዎ!» የተሻለ እውነት አይኖረውም። ያው ወረቀት ለርዕሰ መምህሩ ሲቀርብ ግን የሚከሰሰው የክፍሉ ብዛት ነው፤ መምህሩ ብቻውን ሲጮህበት ለኖረው ነገር ሰባ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

የአሰባሰቡም ነገር አለ። ወረቀቱን የሚሰበስበው የክፍል አለቃው ከሆነ፣ ወይም መምህሩ ራሱ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ከሆነ፣ ስም አትጻፉ ማለት ፌዝ ነው፤ የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ ከመምህሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ምልክት ብቻ የሚደረግበት ወረቀት ይሁን፣ የሚሰበስበውም ክፍሉን የማያስተምር ሰው ይሁን።

አንጠይቅም ብሎ ዝም ማለትም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቺሊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በደንብ ልብሳቸው መልክ «ፔንግዊኖች» ተብለው በመቶ ሺዎች አደባባይ ወጡ። የአውቶቡስና የመግቢያ ፈተና ክፍያ ጥያቄ ቢኖርም ዋናው ጉዳይ የትምህርት ጥራትና ፍትሐዊነት ነበር፤ ከወታደራዊው አገዛዝ የተወረሰው የትምህርት ሕግም በ2009 በሌላ ተተካ። ተማሪ ስለ ትምህርቱ የሚለው አጥቶ አያውቅም፤ የሚለውን የሚልበት ቦታ ነው የሚለያየው።

መጠይቁ የሚሞላበትን ጊዜ በተመለከተ ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶች ልማድ መለወጥ አለበት። በዓመቱ መጨረሻ፣ ፈተና ካለቀ በኋላ የሚሞላ ወረቀት ለሞላው ልጅ አንዳች አይጠቅመውም፤ ያንን ምዕራፍ ዳግመኛ አይማረውም። በሴሚስተሩ አጋማሽ ይሞላ። ውጤቱን ከማንም በፊት መምህሩ ይየው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቶ «እንዲህ ብላችኋል፤ ይህን እቀይራለሁ፣ ያንን ግን በዚህ ምክንያት አልቀይርም» ይበላቸው። ይህን የሰማ ክፍል በሁለተኛው ዙር ወረቀቱን አስቦበት ይሞላል። ምንም ያልተባለ ክፍል ደግሞ እስክሪብቶውን ሳያነሳ «በጣም ጥሩ» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያሰምርበታል።