የሚደማ ድድ ለስኳር ሐኪምም ይነገር

አዳማ ውስጥ ስለ ጥርስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ቀለም ይሄዳል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች የፍሎራይድ መጠናቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ ስለሚበልጥ እዚህም ሆነ ወንጂ ባደጉ ሰዎች ላይ የበለዘ ጥርስ ማየት እንግዳ አይደለም። ጥርስ ማሳጠብም እንደ ውበት ጉዳይ ይታያል፤ ብልዘቱ ግን ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ በመሆኑ በእጥበት አይለቅም፤ ታጣቢውም ቅር ብሎት ይቀራል። በዚህ መካከል የሚረሳው ድድ ነው።

በአፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ቆሻሻ ሲጋገር ግን እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉት ይበረታሉ፤ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ቀስ በቀስም ከጥርሱ ይላቀቃል። ባክቴሪያዎቹም ሆኑ ከቁጣው የሚመነጩት ኬሚካሎች ወደ ደም የሚገቡት በዚህ ቁስል ነው።

ከዚህ ተነስቶ የድድ ሕመም ሌላ ሕመም ያመጣል እየተባለ የሚነገረውን ሁሉ በእኩል ማመን ግን አይገባም። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ፣ ፉሶባክቴሪየም የተባለው ሌላ የአፍ ባክቴሪያ ደግሞ በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ ተገኝቷል፤ መገኘታቸው ብቻውን ሕመሙን ያመጡት እነርሱ መሆናቸውን አያረጋግጥም። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 የድድ ሕመምና የልብ ደም ሥር ሕመም እንደሚዛመዱ ተቀብሎ፣ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። የልብ ቫልቭ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ጥርሱን ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ እንዲወስድ የሚመከረው የአፍ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ቫልቩን ሊመርዝ እንደሚችል ስለሚታወቅ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የስኳር ሕመም ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ከፍ ያለ ስኳር ድድን ያዳክማል፤ የተቆጣ ድድ ደግሞ ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ የድድ ሕክምና ያገኙ የስኳር ሕሙማን ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የኤችቢኤዋንሲ ውጤታቸው፣ ማለትም የወራት አማካይ ስኳራቸው፣ በ0.43 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። አንድ ተጨማሪ ክኒን ሊያስገኝ ከሚችለው ብዙም የማይርቅ ውጤት ነው።

ስለዚህ በከተማችን የስኳር ክትትል በሚደረግባቸው ክፍሎች ሁሉ እግርና ዐይን እንደሚታዩት አፍም ይታይ እላለሁ። ነርሷ የደም ግፊት እየለካች «ድድዎ ይደማል?» ብላ ብትጠይቅና መልሱን በካርዱ ላይ ብታሰፍር አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ በጀት አያስፈልጋትም፤ «አዎ» ያለው ታካሚም ጥርሱ ሳይነቃነቅ በፊት ወደ ጥርስ ክፍል ይላካል።