«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

ደሴ ውስጥ ወረፋ ይዞ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። መልሱ ከመስኮቱ ወዲያ ይመጣል፤ ተሰላፊው ያጉረመርማል፤ ከዚያ ገሚሱ ወደ ቤቱ፣ ገሚሱ ወደ ቡና ይበተናል። እኔ የምተዳደረው በኔትወርክ ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህ መልስ ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው ብል ባልደረቦቼ አይቀየሙኝ። ክፋት የወለደው ውሸት ግን አይደለም፤ ማሽኑን መጠየቅ አለመልመዳችን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የራሴን ጉዳይ ይዤ ቆሜ ነበር። ከአራቱ መስኮቶች ሁለቱ አይሠሩም። ወጣቱ ባለሙያ መጣና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ራውተሩንም ነቅሎ ሰካው። ከታች ጥግ ላይ ያለችው ምልክት ተገናኝቷል ትላለች፤ ሥራው ግን አይከፈትም። «ከዋናው መስመር ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል አላስቻለኝም፤ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ።

ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ «አይፒኮንፊግ» ብዬ ጻፍሁ። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ192.168 ይጀምራል፤ ከጎኑ ያለውና ደህና የሚሠራው ግን በ10 የሚጀምር አድራሻ ነው ያለው። የታመመው ኮምፒውተር መውጫ በሬ 192.168.0.1 ነው ይላል። ይህ የማን በር ነው? ገመዱን ተከትለን ስንሄድ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ አንዲት ትንሽ የቤት ዋይፋይ ራውተር አረንጓዴ መብራቷን ቦግ እልም እያደረገች ተቀምጣለች። አንድ ሠራተኛ ለስልኩ ብሎ ከቤቱ ያመጣት ናት። እሷ ምን ታድርግ፣ ለዚሁ ነው የተሠራችው፤ አድራሻ ለጠየቃት ሁሉ ታድላለች። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ቀድሞ የመለሰ ያሸንፋል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከእሷ ተቀብለው የትም ወደማያደርስ በር እየሄዱ ነበር። ማጥፋትና ማብራቱም ተመልሰው ከእሷው እንዲቀበሉ ከማድረግ በቀር የፈየደው ነገር የለም። ነቀልናት፤ አድራሻ እንደገና እንዲጠይቁ አዘዝናቸው፤ ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲረገም የቆየው መስመር አቅራቢ ምንም አላጠፋም።

ያቺ ጥግ ላይ ያለች ምልክት ለታመመውም ለደህናውም ኮምፒውተር እኩል ፈገግ ትል ነበር። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። በመዳፊት (ማውዝ) የሚሠራው መስኮት ተገናኝቷል ወይም አልተገናኘም ብሎ ይደመድማል፤ የትዕዛዙ መስመር ግን ማስረጃውን ያቀርብና ፍርዱን ለአንተ ይተዋል። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት በሆነው በሊኑክስ ማሽን ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያጥራል። «አይፒ ሊንክ» ስትለው የኔትወርክ ካርዱ በሕይወት እንዳለና ገመዱ ወዲያ ማዶ የሚመልስለት እንዳገኘ ይነግርሃል። «አይፒ አድረስ» በምን አድራሻ እንደሚጠራ፣ «አይፒ ራውት» በየትኛው በር ወደ ውጭ እንደሚወጣ ይናገራል። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካየህ ማሽኑ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ጮኾ፣ ሰሚ ሲያጣ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ራውተሩ ተነቅሎና ተሰክቶ እስኪነሳ ከዚያ በላይ ትጠብቃለህ።

ለልምምድ ወደ እኔ የሚመጡ ተማሪዎች የሚያነቡት ጽሑፍ ዛሬም የሚያስተምረው የካርዱን አድራሻ የሚያሳየውን፣ «ኢፍኮንፊግ» የሚባለውን ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ እ.ኤ.አ. በ1983 4.2 ቢኤስዲ ከተባለው የዩኒክስ ሥርዓት ዝርያ ጋር የመጣ፣ በጊዜው አንቱ የተባለ ነበር። በሊኑክስ ዓለም ግን ፕሮግራመሩ አሌክሴይ ኩዝኔትሶቭ የጻፈው «አይፒ» ከተካው ቆይቷል፤ ብዙ አዳዲስ ሰርቨሮች ላይ አሮጌው ጭራሽ ተጭኖ አይመጣም። ልጁ የሸመደደውን ይጽፋል፤ ማሽኑ እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም ይለዋል፤ ልጁም ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ይነሳል።

የካርዶቹ ስም መለወጡም ያስደነግጣቸዋል። ድሮ «ኢቲኤች0» ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰለ ስም ይዞ ብቅ ማለት ጀምሯል። ለደሴ ልጅ ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እኛ ቤታችንን በቁጥር አናመለክትም፤ «ሸዋ በር መስጊዱን አልፈህ፣ ቁልቁለቱን ስትጨርስ በግራ» እንላለን። ስሙም እንደዚያው ነው። የገመድ ካርድ መሆኑን፣ በ3 ቁጥር «ባስ» (ካርዶች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙበት የውስጥ መስመር) ላይ መሆኑን፣ ዜሮ ቁጥር መሰኪያ ላይ መቀመጡን ይናገራል። አንድ ሌላ ካርድ ቢጨመር እንኳ ማን የት እንደተቀመጠ ብዙውን ጊዜ አይምታታም።

እዚህ አገር ከሁሉ የሚከፋው ግን በትዕዛዝ ያስተካከሉት ነገር ጊዜያዊ መሆኑን አለማወቅ ነው። በ«አይፒ» የሰጠኸው አድራሻ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይኖራል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ባለሙያው ማታ አስተካክሎ ይሄዳል፤ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ጠዋት ሥራው የለም፤ «ትናንት እኮ ሠርቶ ነበር!» ይባላል። ዘላቂው ነገር በፋይል መጻፍ አለበት። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ይህን የሚያደርገው ኔትፕላን በሚባለው መሣሪያ ነው። ፋይሉ ታዲያ ለክፍተት ግድ አለው፤ አንዲት መስመር ከቦታዋ ገባ ካለች ይጣላሃል።

የትዕዛዝ መስመር አደጋ የለውም የሚል ካለ የእኔን ይስማ። ከደሴ ሆኜ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ እህል መጋዘን ሰርቨር አድራሻ እቀይር ነበር። የመውጫ በሩን ስጽፍ አንዲት 1 ደገምሁ። ፋይሉን አስቀምጬ «ኔትፕላን አፕላይ» አልሁ፤ ጥቁሩ መስኮት ቀጥ አለ። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን ስቦ እንደ መውጣት ነው። ነሐሴ ነበር። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም መሐል፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ እየወረደ። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴን በሙቀቱ አወለቅሁ፤ አንዲቷን 1 አጠፋሁና በመጣሁበት ተመለስሁ። የሚያናድደው መድኃኒቱ እዚያው ትዕዛዝ ውስጥ መኖሩ ነው። «ኔትፕላን ትራይ» ብል ኖሮ ለውጡን ይሞክርና በ120 ሴኮንድ ውስጥ ካላጸደቅሁለት ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «አፕላይ» የሚለውን ቃል በሩቅ ማሽን ላይ አልጻፍሁም።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ «ደንበኛው የሚከፍለኝ ለሚያየው ነው፤ ጥቁር መስኮት ሲያይ ይደነግጣል» ይለኛል። ለቤት ኮምፒውተር እውነቱን ነው፤ ማንም እናቱን ትዕዛዝ እንድትጽፍ አያስገድድ። ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ግን በምልክት ፈገግታ ሊታለል አይገባም። በሁለቱ ከተሞች ኔትወርክ ለሚያስተምሩ ኮሌጆች የምለው አጭር ነው። የተግባር ፈተናው ላይ ኔትወርኩን ራሳችሁ አበላሹትና ተማሪውን ከጥቁሩ መስኮት ጋር ብቻውን ተዉት። መዳፊቱን ንቀሉ። ከማስተካከሉ በፊት ምን እንዳየ በወረቀት ይጻፍ፤ ለንባቡ ከጥገናው የበለጠ ነጥብ ስጡት።

ትዕዛዝ በስልክ እንደሚነገርም አትርሱ። የመዳፊት ሥራ ግን «ወደ ላይ፣ አይ ወደ ግራ፣ እሷን ሳይሆን ከጎኗ ያለችውን» እያሉ የስልክ ሒሳብ መጨረስ ነው። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ያው የመጋዘኑ ሰርቨር አልመልስ አለኝ። ለንብረት ጠባቂዋ ደወልሁ። ሰርቨሩ ላይ ለማየት ብቻ የሚያገለግል መግቢያ ሰጥቻቸው ነበር።

«እትዬ፣ አይ፣ ፒ፣ ክፍተት፣ አር ብለው ይጻፉልኝ።»

«ምንም አላለም» አሉኝ። አር የ«ራውት» ምህጻር ነው፤ ባዶ ከሆነ በር የለውም። በአር ፋንታ ኤል፣ ማለትም «ሊንክ»፣ እንዲጽፉ ነገርኋቸው። ፊደል በፊደል ሲያነቡልኝ «ኖ ካሪየር» የሚለው ላይ አስቆምኋቸው፤ በገመዱ ወዲያ ማዶ የሚመልስ የለም ማለት ነው።

«ከኋላው ያለው ገመድ ላይ መብራት ይታያል?»

ስልኩን አስቀምጠው ሄዱ። የሚጎተት ጆንያ ድምፅ ተሰማኝ። የጫኝ ልጆች ገመዱ ላይ ጥለውት መሰኪያው ወጥቶ ኖሯል። ቀጭ ሲል እኔም በስልኩ ሰማሁት፤ ሰርቨሩም ደሴ ላይ መለሰልኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ፣ «በክረምቱ ሐረጎን የወረድኸው ለዚህ ነበር?»

የያኔው ሌላ ነበር አልኋቸው። ስለ አንዲቷ 1 አልነገርኋቸውም።