«ያልበላውን ለምን እናካለን?» ላሉት ሐኪም

ሰሞኑን አንድ የልብ ሐኪም በቃለ መጠይቅ ላይ «ሃርት አታኩን ያመጣውን ቧንቧ ከከፈትን በቃ፤ ያልበላውን ለምን እናካለን?» አሉ። ጠያቂው ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

አልበላም? እስቲ ስክሪኑን አብረን እንየው። ቀጭኑ ቱቦ በእጅ አንጓ በኩል ገብቷል፣ ቀለም ተረጭቷል፣ የልብ ደም ሥሮች እንደ ጥቁር ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል። አንዱ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ፊኛው ይነፋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንቱ፣ ይገባል፣ ደሙ ይፈሳል። እሰየው! እዚያው፣ ሁለት ጣት ፈቀቅ ብሎ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ወገቡ ላይ ክር አክሏል። ይህን እያዩ በሽተኛውን «ደህና ግባ» ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ደግሞ ዛሬ የፈነዳውም የስብ ክምችት እኮ ትናንት አልበላም ነበር! ቀጭን ሽፋኑን ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ነበር። ሽፋኑ ተቀደደ፣ ደም ረጋበት፣ ቧንቧው ተደፈነ። አስቀድሞ የሚያሳክክ በሽታ ቢሆንማ ስንቱ ሰው በተረፈ። ዝም ማለቱን እንደ ጤንነት የሚቆጥር ሐኪም ከበሽታው ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

«ለሌላው ኪኒን ይበቃል» ይሉናል። በ2019 የወጣው ኮምፕሊት የተባለው ጥናት ላይ እኮ ኪኒኑን ሁለቱም ወገን ይወስድ ነበር። 4,041 ሕሙማን፣ ሦስት ዓመት ገደማ ክትትል። አንዱ ቧንቧ ብቻ ከተከፈተላቸው 10.5 ከመቶው በልብና በደም ሥር ሕመም ሞቱ ወይም ሃርት አታክ ደገማቸው። የጠበበው ሁሉ ከተከፈተላቸው 7.8 ከመቶው። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከሚደግመው ሃርት አታክ እንጂ ከሞት አይደለም የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እና? ሁለተኛ ሃርት አታክ ጉንፋን ሆነ እንዴ?

«ሽማግሌን አታንገላቱ» ባዮችም በ2023 መልስ አግኝተዋል። ፋየር የተባለው ጥናት 75 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነበር የያዘው፤ እዚያም የተሻለ ውጤት ያገኙት የቀረው መጥበብ ተለክቶ የታከመላቸው ናቸው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ልቡ ደም መግፋት አቅቶት ሾክ ውስጥ የገባን ሰው በዚያው ሰዓት ሁሉንም ልክፈት ማለት እንደሚጎዳ በ2017 ታይቷል። ግን ይሄ የሰዓት ጉዳይ ነው። በኮምፕሊት የቀረው ቧንቧ የተሠራው ሆስፒታል ሳሉ ወይም እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሰው ሲመጡ ነው፤ ጥቅሙም በሁለቱም መንገድ አልጎደለም። ሐኪሙ የሚጠበቅባቸው እንግዲህ የቀጠሮ ወረቀት ላይ ቀን መጻፍ ነው። ይሄ ነው «ማከክ» የተባለው?