ማስተካከያ፦ ስለ ክብ አልማዝ ጥልቀት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ቀለበት ለሚገዙ ሙሽሮች ስጽፍ፣ «ክብ አልማዝ በጠለቀ ቁጥር ይበልጥ ያበራል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያነቃኝ አንድ አንጥረኛ ነው፦ እኩል ክብደት ያላቸውን ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያሳየኝ፣ የጠለቀው መሃሉ ጠቁሮ አየሁት።

ዋናው ነገር ማዕዘኑ ነው። ከላይ የገባ ብርሃን የታችኛውን ሾጣጣ ክፍል ግድግዳዎች ነክቶ ወደ ዓይናችን መመለስ አለበት። ከአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተወለደው መሐንዲስ ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 እ.ኤ.አ. ባሰላው መሠረት የታችኛው ማዕዘን 40.75 ዲግሪ፣ የላይኛው 34.5 ዲግሪ፣ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ደግሞ የድንጋዩ ወርድ 53 በመቶ ነው። (ከዚህ ትንሽ ወጣ ብለው በጣም የሚያምሩም አሉ፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት።) የታችኛው ክፍል ከልክ በላይ ሲጠልቅ ብርሃኑ ያመልጣል። ከልክ በላይ ሲያጥርም እንደ ዓሣ ዓይን ያለ ግራጫ ክብ ይታያል።

ኪስም ይጎዳል፤ የጠለቀ ድንጋይ ክብደቱን ከታች ይደብቃል። በደንብ የተቆረጠ 1 ካራት (0.2 ግራም) ክብ አልማዝ ወርዱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወርዱ ከዚህ በጣም ካነሰ ለማይታይ ክብደት እየከፈላችሁ ነው። ወርዱን አስለኩ፤ ከሱቁ መብራት አውጥታችሁም በር ላይ በቀን ብርሃን እዩት።