ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ መሬት ላይ ይወሰን

ትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲከሰከስ፣ በዜናው ቀድሞ የሚነገረው «ሞተሩ ጠፋ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሰዎቹን ምን እንደገደላቸው ግን አይነግረንም። ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ሴስና 172 የሚባለው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ያለ ሞተር ከ1000 ጫማ ከፍታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሳፈፋል። ፍጥነቱን ቀንሶ ክንፉን አስተካክሎ ማሳ ላይ ያረፈ፣ አውሮፕላኑ ቢሰበርም ሰዎቹ የመትረፍ ዕድል አላቸው። ደጋግሞ የሚገድለው ወደ ተነሡበት ማኮብኮቢያ ለመመለስ የሚደረገው ዙር ነው።

አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሳለ አፍንጫው ወደ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲከዳ ፍጥነቱ በሰከንዶች ይሟጠጣል። አብራሪው ከድንጋጤው ወጥቶ እጁ እስኪታዘዝለት 4 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ከዚያ በ70 ኖት (በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ በ30 ዲግሪ አጋድሎ ግማሽ ክብ ቢዞር፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ ራሱን የሚያገኘው ከማኮብኮቢያው 460 ሜትር ያህል ወደ ጎን ርቆ ነው። ገና ወደ መስመሩ መግባትና እንደገና ማቅናት ይቀረዋል።

አጥብቆ ቢያጋድልስ? የሴስና 172 አንዱ ዓይነት የሆነው 172ኤስ፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል) ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ሲበር ክንፉ አየሩን መያዝ የሚያቅተው፣ ማለትም ስቶል የሚያደርገው፣ በ48 ኖት ነው። በ45 ዲግሪ ሲጋደል ወደ 57፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 68 ይደርሳል። 68 ኖት ፋብሪካው ያለ ሞተር ርቆ ለመንሳፈፍ ያዘዘው ፍጥነት ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቅንጣት ትርፍ አይቀረውም። በዚያ ላይ ፊት ለፊት ይነፍስ የነበረው ነፋስ አሁን ከኋላ ይገፋል። መሬቱ ከሥሩ ሲከንፍ የሚያይ አብራሪ ፍጥነት ያለው ይመስለውና መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ዙሩን ለማፋጠን ፔዳሉን ይረግጣል። ያኔ የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳል፤ አውሮፕላኑ ወደዚያው ተገልብጦ በአፍንጫው ይወርዳል። በ400 ጫማ ላይ ይህን ለማቅናት ቦታ የለም።

ጨርሶ ከሚጠፋው ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ የሚንተፋተፈው ሞተር ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 የደረሱትን መርምሮ፣ ከተነሡ በኋላ ኃይል በከፊል መቀነስ ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በከፊል ቀንሶ 9 ገዳይ አደጋዎች ደርሰዋል፤ ሞተሩ በአንዴ ከጠፋባቸው መካከል ግን ሰው የሞተበት አልነበረም። ጭራሽ የጠፋ ሞተር ውሳኔውን ያስገድዳል፤ የሚንተፋተፈው ግን «እደርሳለሁ» የሚል ተስፋ ይሰጣል።

ከመነሣት በፊት የሚያዝ ብልሽትም ብዙ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ 172ኤስ ለዚሁ 13 ማፍሰሻዎች አሉት። ከእያንዳንዱ ቀድቶ ብርሃን ላይ ማየት ነው። የተቀዳው ሁሉ ውሃ ከሆነ የሚለይ መስመር ስለማይታይ ጥሩ ነዳጅ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰማያዊ ቀለሙንና ሽታውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሙቀትም አይዘንጋ፤ 5000 ጫማ ላይ ባለ ማረፊያ 30 ዲግሪ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ 8000 ጫማ ላይ እንዳለ ያህል ይደክማል።

የበረራ ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ግዴታ ያድርጉት። እያንዳንዱ አብራሪ ከአሠልጣኙ ጋር በቂ ከፍታ ላይ ወጥቶ፣ ኃይሉን ቀንሶ፣ 4 ሰከንድ ጠብቆ ይዙር፤ ስንት ጫማ እንዳጣ ይመዝግብ፤ መጠባበቂያም ይጨምርበት። ያን ቁጥር በእያንዳንዱ በረራ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ከመግፋቱ በፊት ድምፁን አውጥቶ ይበለው። ከዚያ በታች ሞተሩ ከከዳ አፍንጫው ወዲያው ወደ ታች፣ ማረፊያው ፊት ለፊት ወይም በጥቂት ዲግሪ ግራና ቀኝ፤ ነዳጁ ይዘጋ፣ ማግኔቶው (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) ይጥፋ፣ ፍላፑ ከወረደ በኋላ ማስተር ስዊቹ (ዋናው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ) ይጥፋ፣ በሩም ተጣሞ እንዳይቆልፍባቸው መሬት ከመንካታቸው በፊት ይከፈት።