ካንዴላ ሲቀየር፦ ኢሪዲየም ወይስ ተራው ኒኬል?

የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣበታል። ካንዴላው (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) አልቋል፣ መካኒኩ «ገዝተህ ና» ብሏል፣ ሱቁ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዕቃ ተደርድሯል። አንዱ ጫፉ ኒኬል ነው፣ ዋጋው ቀለል ይላል። ሌላው ጫፉ ኢሪዲየም የሚባል ጠንካራ ብረት ነው፣ ዋጋው የኒኬሉ ብዙ እጥፍ። የቱ ይገዛ? ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ በቪትዝ የሜትር ታክሲ የሚሠራ ወጣት ሾፌር ነው፤ ኢሪዲየሙ ይገዛ ይላል። ሌላው የራሳቸው ጋራዥ ያላቸው አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ለአብዛኛው የከተማችን መኪና ኒኬሉ ይበቃል ባይ ናቸው።

ሾፌሩ፦

ከሒሳቡ ልጀምር። ተራው ኒኬል ካንዴላ ቢበዛ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኢሪዲየሙ እስከ 100,000 ይሄዳል። እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፣ ጋራዥ የምቆምበት ሰዓት ሁሉ ገቢዬ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ከፍዬ ልረሳው እፈልጋለሁ።

ደግሞ ነገሩ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት በብዙ ቶዮታዎች 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ኒኬል በሠራ ቁጥር ጫፉ ይበላል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ሲሰፋ ኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመርተው ዕቃ) ያንን ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ማምረት አለበት፣ እየጋለ እየጋለ ይሄድና አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር መሥራት ይጀምራል። ኮይል ዋጋው ከካንዴላ ጋር አይገናኝም! ኢሪዲየም ግን የሚቀልጠው በ2,446 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ኒኬል በ1,455። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ጫፉን እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ድረስ አቅጥነው ይሠሩታል፤ የኒኬሉ ወደ 2.5 ይጠጋል። ቀጭን ጫፍ በትንሽ ቮልቴጅ ብልጭታ ይሰጣል፣ ኮይሉም ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ከተማ ኪሎ ሜትር አታላይ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን አልቆመም። ካንዴላው ይበልጫል፣ ይበላል፣ ቆጣሪው ግን ንቅንቅ አይልም። የፋብሪካው መጽሐፍ 20,000 ያለው ካንዴላ እኛ ዘንድ እዚያ ሳይደርስ ያረጃል። እንዲህ ለሚሠራ መኪና ጠንካራውን ብረት መግዛት ቅንጦት አይደለም።

መካኒኩ፦

ልጄ፣ ሒሳብህ ደህና ነው፣ ግን ሁለት ዕቃ አንድ ላይ ደምረሃል። ኢሪዲየም ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። መሀለኛው ጫፍ ብቻ ኢሪዲየም ሆኖ ከላይ የታጠፈው እግር ተራ ኒኬል የሆነ አለ። ያ የሠላ ብልጭታ ይሰጣል እንጂ 100,000 አይሄድም፤ ኒኬሉ እግር በጊዜው ይበላል። ረጅም ዕድሜ ያለው እግሩም ላይ ፕላቲነም የተበየደበት ነው። ካንዴላ የሚያመርቱት ዴንሶም ኤንጂኬም ሁለቱንም ይሠራሉ። ሱቅ ሄደህ «ኢሪዲየም ስጠኝ» ብቻ ካልክ የትኛው እንደሚደርስህ በምን ታውቃለህ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገዝቶ የሁለተኛውን ዕድሜ ይጠብቃል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ካንዴላ መፍታት ለእኔ ምርመራ ነው። አራቱን አውጥቼ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ስደረድራቸው ሞተሩ የሆነውን ሁሉ ይነግሩኛል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። እርጥብና ጥቁር ሆኖ ዘይት ዘይት ከሸተተ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ጎማ ሄዷል። ነጭ ሆኖ ጫፉ ፈልቶ የደረቀ ከመሰለ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ተለይቶ ከጠቆረ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፣ ሌላውን መነካካት አያስፈልግም። ይህን በየ20,000ው የማየት ዕድል አለኝ። አንተ «ልረሳው» ስትል እኔ የምሰማው ሞተሩን እስከ 100,000 ድረስ ማንም አያየውም የሚል ነው።

ከተማችን ውስጥ ያለው መኪና ደግሞ ከየት እንደመጣ አንርሳ። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሌላ ዕድሜ ሠርቷል። አብዛኛው ትንሽም ቢሆን ዘይት ይበላል። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ የገባ ካንዴላ በዘይት ይሸፈናል፣ ብልጭታውም ይሞታል። ኢሪዲየም ይሁን ኒኬል ዘይቱ አይለይም። ኒኬሉን ጥዬ ሌላ እገዛለሁ። ኢሪዲየሙን ግን ባለመኪናው መጣል ያሳሳውና በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። ያን ጊዜ 0.4 ሚሊ ሜትሯ ጫፍ አለቀላት።

ሾፌሩ፦

ጋሼ፣ ስለ ሁለቱ ዓይነት ያሉት ትክክል ነው፣ ገዢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የቀረው ላይ ግን አልስማማም። ለማየት መቀየር አያስፈልግም እኮ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኢሪዲየሙን ፈትቶ አይቶ መመለስ ይቻላል። እርስዎ የሚሉት ምርመራ በኢሪዲየምም ይሠራል።

እስቲ ስለ ፎርጅዱ እናውራ፣ ምክንያቱም ሰው ኢሪዲየም የማይገዛበት ትልቁ ፍርሃት እሱ ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስንገባ ሁላችንም የምንፈራው ይህንኑ ነው። ግን ኒኬሉስ ፎርጅድ የለውም? የኤንጂኬ ተራ ካንዴላ በሚሊዮን የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ አስመሳዩም የሚሮጠው ብዙ ወደሚሸጠው ነው። እኔ በ100,000 ኪሎ ሜትር አንዴ እገዛለሁ። እርስዎ በዚያው ርቀት አራት አምስት ጊዜ ይገዛሉ። በየጊዜው እንደገና ገበያ ይወጣሉ፣ በየጊዜው የመታለል ዕድል አለ። ፎርጅዱ ሴራሚኩ ተሰንጥቆ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ በካንዴላው ዋጋ አይለካም።

መካኒኩ፦

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። መልሱ ግን ዕቃውን ማወቅ ነው እንጂ መሸሽ አይደለም። እንዴት እንደማየው ልንገርህ፣ ያነበበ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ይሞክረው።

ካርቶኑን ተወው፣ ካርቶን ሁሉም ያሳምራል። ካንዴላውን አውጣ። ጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት በጣትህ ወደ ታች ሳብ፤ የእውነተኛው ኤንጂኬ ቀለበት ትሽከረከራለች እንጂ በቀላሉ ወልቃ አትመጣም። ከዚያ ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ከፊት እየው። መሀለኛው ጫፍ በትክክል መሀል ላይ መሆን አለበት፣ እግሩም በላዩ ቀጥ ብሎ መታጠፍ አለበት። ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ መልስለት። ሴራሚኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍርህ ፋቅ ፋቅ አድርገው፤ ከለቀቀ ተጠራጠር። ኢሪዲየም ከሆነ ቀጭኗ ጫፍ የተበየደችበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ወፍራም ጫፍ ላይ ቀለም ቢጤ ብቻ ካየህ እሱ ኢሪዲየም አይደለም። መልቲሜትር ካለህ ደግሞ በሁለቱ ጫፍ ለካው። «አር» የሚል ፊደል ያለው የኤንጂኬ ካንዴላ ውስጡ ሬዚስተር ስላለው ከ3 እስከ 7.5 ኪሎ ኦም ድረስ ሊያሳይህ ይገባል። ዜሮ ካሳየ ሬዚስተር የለውም ማለት ነው፤ እሱን ብትገጥም ሬዲዮው ይጮኻል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሊረበሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ ማየት የሚችል ሰው ኒኬልም ቢገዛ አይታለልም። ማየት የማይችል ሰው ግን በኢሪዲየም ሲታለል የሚከስረው ብዙ ነው።

ሾፌሩ፦

እሺ፣ የብረቱን ክርክር ለአፍታ እናቆየውና ከእሱ የሚብስ ስህተት አለ። ቁጥሩ! ካንዴላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጫፉ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይናገራል፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ሞቅ ያለ ነው። ከተማችን ውስጥ አንዳንድ መካኒክ «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ሞቅ ያለ ካንዴላ ይሻላል» እያለ 6 ቁጥር የሚገባበት ላይ 5፣ 5 የሚገባበት ላይ 4 ይከታል። ምክንያት አላቸው፣ አልካድኩም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። መንገዱም እየቆመ እየሄደ ስለሆነ የካንዴላው ጫፍ ጥቀርሻውን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ቶሎ አይደርስም። በተለይ ዲኤክስን የመሰለ በካርቦራተር የሚሠራ አሮጌ ኮሮላ ከፍታው ላይ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል። ግን መፍትሔው ቁጥር መቀየር ነው? ለእኔ አይደለም።

መካኒኩ፦

እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ እንዲያውም ከአንተ በላይ ያናድደኛል። መኪናው አዲስ አበባ ላይ ታስሮ አይኖርም እኮ። ዓርብ ማታ ሰባት ሰው ጭኖ ወደ አዳማ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ሞተሩ ሙሉ አየር አግኝቶ፣ ጭነት ተሸክሞ፣ ረጅም መንገድ ላይ ሲሮጥ ያ ሞቅ ያለው ካንዴላ ጫፉ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። ያን ጊዜ ብልጭታ ሳይጠብቅ በራሱ ፍም ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ እሳቱ ወደ ታች ይገፋዋል። ፒስቶን የሚበሳው እንዲህ ነው። የጠቆረ ካንዴላ ካስቸገረ ካርቦራተሩ ይስተካከል፣ የአየር ማጣሪያው ይቀየር። ቁጥሩ አይነካ።

ቁጥሩም ራሱ ያምታታል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በቦሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ይሞቃል። የኤንጂኬ 5 በዴንሶ 16፣ በቦሽ ደግሞ 8 አካባቢ ነው። ባለሱቁ «5 የለኝም፣ 8 አለ፣ ያው ነው» ካለህ የየትኛው ፋብሪካ 8 እንደሆነ ጠይቅ። የኤንጂኬ 8 ከሆነ የሰጠህ በጣም ቀዝቃዛ ነው።

ርዝመቱም እንደዚሁ። «ቢኬአር5ኢ-11» የሚለው ላይ «ኢ» ማለት ጥርሱ 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፣ 11 ደግሞ 1.1 ክፍተት። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት 2ዜድአር ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች ግን 26.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚወስዱት። አጭሩን እዚያ ብታስገባው ይገባል፣ ሞተሩም ይነሳል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ክፍት የቀረው የቴስታታ (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ ግን ጥቀርሻ እየሞላው ይሄድና በኋላ ትክክለኛውን ላስገባ ሲል እምቢ ይላል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባህ ደግሞ ፒስቶን ሊመታ ይችላል።

ሾፌሩ፦

ታዲያ ራስዎ መለሱት ጋሼ። 2ዜድአሩ ከፋብሪካ የወጣው በዴንሶ «ኤስሲ20ኤችአር11» ነው፣ እሱም ኢሪዲየም ነው። ፋብሪካው ለዚያ ሞተር ኢሪዲየም ብሎ ከመረጠ እኛ ለምን ኒኬል እንፈልጋለን?

መካኒኩ፦

እሱ ላይ ኒኬል ይግባ አላልኩም። ፋብሪካው ኢሪዲየም ያዘዘበት ሞተር ላይ ኢሪዲየም ይግባ፣ ኮይሉም ኮምፒውተሩም የተሰላው ለእሱ ነው። የእኔ ክርክር ከፋብሪካው በኒኬል የወጣውን አሮጌ ሞተር «አሻሽለው» እያሉ ኢሪዲየም ከሚያስገዙት ጋር ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ አዲስ ኒኬልና አዲስ ኢሪዲየም ብታፈራርቅ የጉልበት ልዩነት አይሰማህም። ልዩነቱ ዕድሜው ነው። ዕድሜውን ደግሞ ዘይት የሚበላ ሞተር አይሰጠውም።

አገጣጠሙንም ካላነሳሁ ደግሞ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። የአሁኑ ቴስታታ አልሙኒየም ነው። ሞተሩ እየጋለ ካንዴላ አይፈታም። አዲሱን መጀመሪያ በጣት፣ ያለ ቁልፍ፣ እስኪቆም አስገባው። በጣት እምቢ ካለ ጥርሱ ተጣሟል፣ አውጥተህ እንደገና። ከቆመ በኋላ ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ዙር። ክንድህን አሳርፈህ አትጨምርበት። ጥርሱ ከተላጠ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ነው። የኢሪዲየሙን ክፍተት ደግሞ በመለኪያ እየጠመዘዝክ አታስተካክል፣ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ ጫፏም ትሰበራለች።

ሾፌሩ፦

በአገጣጠሙ ምንም ልዩነት የለንም። በአሮጌው ሞተር ላይ ግን አሁንም አልተረታሁም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። የኮይል ዋጋ ሲወደድ ነው የምናየው። ኮይሉን የሚያሳርፍልኝን ካንዴላ እገዛለሁ፣ እግሩም ፕላቲነም የሆነውን፣ ቁጥሩም ርዝመቱም መጽሐፉ እንዳለው የሆነውን። በየዘይት ቅያሬው ባይሆንም እያስፈታሁ አያለሁ።

መካኒኩ፦

እንዲያ ካልክ ግዛ። ግን ከመግዛትህ በፊት አሁን ያሉትን አራቱን አስፈትተህ እይ፣ ኮምፕረሽኑንም (የሲሊንደሩን ግፊት) አስለካ። ዘይት የነካው ካለ ብሩን ለኢሪዲየም አታውጣው። ፋሻውን አስቀይር፣ እስከዚያ ኒኬሉ ይሠራልሃል።