የተዳፋት ደን ትንፋሽ በአንድ ቀን ጉብኝት አይለካም

በጥር ወር ወደ ደን ወጥቶ፣ መኪና የሚደርስበት ወገብ ላይ የጋዝ መለኪያው ክዳን የሚገጠምባቸውን ጥቂት ቀለበቶች ቀብሮ፣ የተገኘውን ቁጥር በ365 ማባዛት! ከአፈር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም የአፈሩ ትንፋሽ፣ እንዲህ ከተሰላ ግምት እንጂ ልኬት ሊባል አይገባም።

የወጨጫ ተራራን እንውሰድ። ከመናገሻ ሱባ ደን ግርጌ እስከ ተራራው አናት ድረስ 1,000 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የሙቀቱ ልዩነት 6 ዲግሪ ይሆናል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፋሹ በእጥፍ ያድጋል በሚለው የተለመደ ስሌት፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን የታችኛው አፈር ከላይኛው 1.5 እጥፍ ይተነፍስ ነበር። ግን ሌላው መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል?

በደጋችን ሙቀቱ ከወር ወር ብዙ አይዋዥቅም፤ ወሳኙ ውሃ ነው። አፈር ሲደርቅ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ምግብ የሚያደርስላቸውን ውሃ ያጣሉ፤ በውሃ ሲጥለቀለቅ ደግሞ ኦክስጅን አይገባም። ትንፋሹ የሚበረታው ከአፈሩ ቀዳዳዎች 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲይዙ ነው። ስለዚህ ብስባሽ የተከማቸበት ግርጌ በነሐሴ ከወገቡ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል፤ በጥር ግን ርጥበት የሚቀረው እዚያው ነውና ነገሩ ይገለበጣል።

ከሁሉ የሚያሳስተው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በኬንያ ይሠራ የነበረው የአፈር ተመራማሪ በርች በ1958 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ደርቆ የከረመ አፈር ሲርስ ትንፋሹ በድንገት ይገነፍላል፤ በቀናት ውስጥም ይበርዳል።

ቀለበቱ ከልኬቱ 24 ሰዓት ቀድሞ ይቀበር፤ ወዲያው ከተለካ የተናጋው አፈር ቁጥሩን ያንረዋል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቀጫጭን ሥሮችን ይቆርጣል፣ ከትንፋሹ ደግሞ ግማሽ ገደማው የሥር ነው። የረገፈው ቅጠል አይጠረግ። ቀለበቱ በተዳፋት ላይ በአንድ በኩል ስለሚሰምጥ ከአፈር በላይ ያለው ቁመቱ በአራት አቅጣጫ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በ30 ዲግሪ ተዳፋት፣ በካርታ 1 ሄክታር የሆነው መሬት 1.15 ሄክታር የአፈር ገጽ አለው። ይህን የረሳ ሪፖርት ከትንፋሹ 13 በመቶውን ይጥላል።

በአናት፣ በወገብና በግርጌ ቢያንስ አምስት አምስት ቀለበት፣ በየሁለት ሳምንቱ ልኬት፤ ዝናብ በጣለበት የመጀመሪያ ሳምንት ግን በየቀኑ። መንገዱ ጨቅይቶ ቡድኑ ከተማ መቅረት የሚያምረውም ያን ሳምንት ነው።